በቁመት ልክ የተጻፈ ብራና

በዛሬው የቤተሰብ ዐምዳችን፣ በአያቶቻችን ሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ስለ ቀረ አንድ የሕዝብ ጥበብ፣ ስለ ክታብ ሥዕል፣ እናወሳለን።

የክታብ ሥዕል የሚያርፈው በስስ ቆዳ ላይ ነው። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ በውኃ ተዘፍዝፎ ከቆየ በኋላ በእንጨት ይወጠራል፤ ሥጋውና ፀጉሩ ተፍቆ፣ በድንጋይ ተሽቶ፣ በፀሐይ ደርቆ ብራና ይሆናል። ደብተራው ብራናውን በጠባቡ ይቆርጥና ቁራጮቹን በዚያው በብራና ጠፍር እየሰፋ ያስረዝማቸዋል። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከስንዝር አይበልጥም፤ ርዝመቱ ግን በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ታስቦ ነው። ጸሎቱ በሸምበቆ ብርዕ፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጻፋል። በመካከሉም ሰይፍ የመዘዙ መላእክትና አፍጥጠው የሚመለከቱ ዓይኖች ያሉባቸው ጠልሰሞች ይሣላሉ።

ከክታብ ባለቤቶች ብዙዎቹ እናቶች ነበሩ። ሐኪም ባልነበረበት ዘመን፣ ሕፃን የሞተባት እናት ሾተላይን ያርቃል የተባለውን የቅዱስ ሱስንዮስን ጸሎት ታስጽፍ ነበር። የክርስትና ስሟ በጸሎቱ ውስጥ ይገባል፤ ክታቡ ወደ ሌላ ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ አዲሱ ይተካል። ዛሬ ለነፍሰ ጡር የሚያስፈልጋት የጤና ጣቢያ ክትትል መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ የእናቶቻችንን ጭንቀትና የሠዓሊውን የእጅ ጥበብ የተሸከመውን ብራና መናቅ አይገባንም።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን መጻሕፍትና ቅርሶች ሲዘርፍ በዝሆንና በበቅሎ አስጭኖ ነበር። ክታብ ግን አጋሰስ አያሻውም፤ ተጠቅልሎ ከኪስ ይገባል። ብዙዎቹም በዚህ አኳኋን ወጥተው ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መዘክሮችና በግለሰቦች እጅ ይገኛሉ። ሰውና ዕቃ ከሞያሌ ወደ ማዶ፣ ወደ ጎዶማና ከዚያም ወዲያ፣ በሚሻገርበት በዚህ ድንበር ለቆምን ለእኛ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር እንዳይወጣ ደንግጓል። ሕጉ የሚጸናው ግን በኬላ ፍተሻ ብቻ ሳይሆን፣ አስቀድሞ በየቤታችን ነው።

ስለሆነም በዓመት ፈቃድ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚሄድ ሁሉ በቤቱ ክታብ መኖሩን ከእናቱ ወይም ከአያቱ ይጠይቅ። ከተገኘ ውኃ አይንካው፣ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፣ በኃይልም አይተርተር። የማን እንደ ነበረ ከአረጋውያን ተጠይቆ ለልጆች ይጻፍላቸው። ጥቂት ብር ይዞ ለመጣ ነጋዴ ከመስጠታችን በፊት በላዩ የሰፈረውን ስም እናንብብ፤ የገዛ ቅድመ አያታችን ስም ሊሆን ይችላልና።