እሳት ሳይነሣ መውጫውን እንለማመድ

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከዚህ በታች ያለው አሳቤ ለአንባብያን ይጠቅማል ብለው የገመቱት እንደሆነ በጋዜጣዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት አውድሟል። ከዚያ ወዲህ በየሻይ ቤቱ ስሰማው የቆየሁት ወሬ ሁሉ ስለ መንገዱ መጥበብና ስለ እሳት አደጋ መኪናው መቸገር ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ የሚመለከተው ክፍል ሊያስብበት ይገባል። ነገር ግን እኛ በየቤታችን ምን አደረግን ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። መኪናው ፈጥኖ ቢደርስ እንኳ ከመድረሱ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ራሱን ማዳን ያለበት የቤቱ ሰው ነው።

የከተማ ቤታችን የሚሠራው ሌባን በመፍራት ነው። መስኮቱ በብረት ፍርግርግ ይታጠራል፤ በሩ ማታ ከውስጥ ይቆለፍና ቁልፉ ከአባወራው ትራስ ሥር ይገባል። እንግዲህ ሌባ እንዳይገባ ያደረግነው ሁሉ በእሳት ጊዜ እኛኑ እንዳንወጣ ያደርገናል ማለት ነው። በብዙው የጭቃ ቤት ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት ስለ ሆነ እሳቱ ቶሎ ይዛመታል። ከነበልባሉም ይልቅ ብዙ ሰው የሚገድለው ጭሱ ነው፤ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ያፍነዋል።

እኔ የተማርኩት በሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ አንዳንድ ሌሊት ደወል ሲደወል ከአልጋችን ተነሥተን ሜዳ ላይ እንሰለፍና በስም ተጠርተን እንቆጠር ነበር። ያን ጊዜ እንቅልፋችንን ስለ ነሡን እናጉረመርም ነበር። ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋበት ሌሊት የለኮስነው ሻማ መጋረጃውን ሲይዘው ያ ደወል ትዝ አለኝ። እሳቱን ባለቤቴ በብርድ ልብስ አፍና አጠፋችው። እኔ በጨለማ የበሩን ቁልፍ እፈልግ ነበር፤ ያገኘሁትም እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ «እሳት!» ብዬ በመጮህ ቤተ ሰቡን አለማመድሁ። የአምስት ዓመት ልጄ ጠፋችብንና ብንፈልጋት አልጋ ሥር ተሸሽጋ አገኘናት። ለምን እዚያ እንደ ገባች ብጠይቃት «እሳቱ እንዳያየኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ከበሩ አጠገብ፣ ከውጭ እጅ በማይደርስበት ሚስማር ላይ እናንጠለጥላለን። የመኝታ ቤቱንም ፍርግርግ በያጅ ማጠፊያ አበጅቶለት ከውስጥ ይከፈታል። አያታቸውን ታላቁ ልጅ ይደግፋል። ጭስ ካለ በመዳህ መውጣት፣ በሩ ሲነኩት የሚፋጅ ከሆነ ሳይከፍቱ በመስኮቱ መውጣት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ከግቢው ውጭ ባለው ዛፍ ሥር እንቆጠራለን፤ ከወጣን በኋላ ወደ 939 እንደውላለን፤ ለዕቃ ብሎ የሚመለስ የለም። ሦስተኛውን ልምምድ ሌሊት በጨለማ ስናደርግ ያች ትንሽ ልጅ የአያቷን ነጠላ ይዛ ወጣች።

በኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ደግሞ ደረጃው መውጫ እንጂ የከሰልና የአሮጌ ዕቃ ማከማቻ እንዳልሆነ ላስታውስ እወዳለሁ።

እድሮቻችን ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ለመትከል የሚቀድማቸው የለም። በዓመት አንድ ስብሰባቸውን ለዚህ ጉዳይ ቢያውሉት፣ እኛም መምህራን እያንዳንዱ ተማሪ የቤቱን ሁለት መውጫ በወረቀት ነድፎ እንዲያመጣ ብናዝዝ ወጪው ከምንም አይቆጠርም። ያለዚያ ግን ነገራችን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ