የመኪናዋ ውሎና አዳር

ነዳጅ በጨመረ ቁጥር በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «የቤንዚኗን ሸጠን ኤሌክትሪክ ብንገዛስ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 100 ብርን ተሻግሯል፤ ማደያ በር ላይ የተሰለፈ ሰው ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ጊዜው ያንገበግበዋል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም ብዙዎችን አስቸኩሏል። ደላላውም «አሁን ካልሸጣችሁ ነገ ገዢ አታገኙም» እያለ ያጣድፋል።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የተከለከለው ማስገባት እንጂ መንዳት አይደለም። በእጃችሁ ያለችው መኪና ምርመራዋን እስካለፈች ድረስ ቦሎ ታወጣለች። ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መኪናዋ የምትውለው የት ነው? የምታድረውስ?

ከውሎዋ እንጀምር። የማውቃቸው አንድ ቤተሰብ አሉ። አባት ጡረተኛ ናቸው፤ የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በቆየች ቪትዛቸው ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፣ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ያመጣሉ። በቀን ከ20 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ልጆቻቸው «አባዬ፣ ካጠራቀምከው ላይ አውጣ፤ እኛም እንጨምርልህና ከሰልፍ ተገላገል» ይሏቸዋል። ያጠራቀሙት ገንዘብ ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው።

ሂሳቡን ወረቀት ላይ እናውጣው። ለስሌት እንዲመች ሊትሩን በ130 ብር፣ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ10 ብር እንያዝ፤ እናንተ በዕለቱ ዋጋና በራሳችሁ የመብራት ቢል ተኩት። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር እንደሚጨምርም አትርሱ። ትንሽ የቤንዚን መኪና ከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ገደማ ትጠጣለች። ለተመሳሳይ መንገድ የኤሌክትሪኳ 16 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃታል።

አባት በወር 500 ኪሎ ሜትር ቢነዱ ቤንዚኑ 4,550 ብር፣ መብራቱ 800 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በወር 3,750፣ በዓመት 45,000 ብር ነው። ቪትዟ ተሽጣ የሚጨመረው 1 ሚሊዮን ብር ቢሆን ገንዘቡ ተጠራቅሞ የሚመለሰው ከ22 ዓመት በኋላ ነው። የሞተር ዘይት፣ የፊልትሮና የካንዴላ ወጪ መቅረቱ ዓመቱን ትንሽ ቢያሳጥረው እንጂ መልሱን አይለውጠውም። ለእሳቸው ነገሩ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ግን ሌላ የቤንዚን መኪና አለች። ሴት ልጃቸው ቱሉ ዲምቱ ግቢ ያለው ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ ሥራዋ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ልጆቿን ማድረስና መመለስ ተጨምሮ በቀን 60 ኪሎ ሜትር፣ በወር 1,500 ኪሎ ሜትር ትነዳለች። ቤንዚኑ 13,650፣ መብራቱ 2,400 ብር። በዓመት 135,000 ብር ይተርፋታል፤ ያው 1 ሚሊዮን ከ8 ዓመት ባነሰ ጊዜ ይመለሳል። ቤተሰቡ የተከራከረው ስለ አባት መኪና ነበር፤ ሊወራ የሚገባው ግን ስለ ልጅቷ መኪና ነው።

ወደ አዳሩ እንምጣ። ከግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካው ቻርጀር ብዙውን ጊዜ 2 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ከእንጀራ ምጣድ ያንሳል ማለት ነው። በ8 ሰዓት 16 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም ለ100 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ኃይል ይሞላል። ለአብዛኛው ቤተሰብ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ልዩነቱ ምጣዱ እንጀራው ሲያልቅ መነቀሉ፣ መኪናዋ ግን ሌሊቱን ሙሉ መሳቧ ነው። የላላ ሶኬትና ቀጭን ማከፋፈያ በዚህ ይግላል፤ እሳትም ያስነሳል። ስለዚህ በባለሙያ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ይዘርጋላት።

ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት የሚወርድ ገመድ ግን መፍትሔ አይደለም። ከታች ዝናብ አለ፣ የሚጫወቱ ሕፃናት አሉ። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ መኪናዋን ከመግዛቱ በፊት ከግቢው ኮሚቴ ጋር ስለ ቻርጅ ቦታና ስለ ቆጣሪ ይስማማ።

መብራት ሲጠፋስ? በተግባር 200 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በቀን 60 ለሚነዳ ሰው የሦስት ቀን ስንቅ ይዛለች፤ የአንድ ሌሊት መጥፋት አያስደነግጥም። ነገር ግን ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ታማሚ አዛውንት ካሉ ባትሪው ከ30 በመቶ በታች ሆኖ ባያድር ይመረጣል። እኩለ ሌሊት ላይ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነገር ቀጠሮ አይሰጥም።

ክፍለ ሀገር የምትመላለሱ ደግሞ ሻጩ ከነገራችሁ ርቀት ላይ ሲሶውን ቀንሳችሁ አስቡ። አዳማ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መመለሻው ዳገት ስለሆነ ባትሪው ከመሄጃው ፈጥኖ ይወርዳል። ሐዋሳ መሄጃው ብቻ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ የት እንደምትሞሉ ሳታውቁ አትነሱ። በዚህ በኩል የአባት ቪትዝ ለመላው ቤተሰብ ገና ታገለግላለች።

ለመግዛት ከወሰናችሁም የዋስትናውን ወረቀት አንብቡ፤ ቻይና ውስጥ ለሚሸጥ መኪና የተሰጠ ዋስትና እዚህ ላይሠራ ይችላል። አገር ውስጥ ባትሪውን ማን እንደሚጠግን በጽሑፍ ይስጧችሁ። ያገለገለች ከሆነች የባትሪዋ ጤንነት ስንት በመቶ እንደቀረ በመሣሪያ አስለኩ። ከሆዷ በታች እንዳልተመታች ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ባትሪው ያለው እዚያ ነው፣ ኮረኮንቻችንም አይምርም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ደብተር ግዙ። ለአንድ ወር ማታ ማታ መኪናዋ የሄደችውን ኪሎ ሜትርና መብራት የጠፋበትን ሰዓት መዝግቡ። ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን ይዛችሁ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጡ፤ ደላላውን ከዚያ በኋላ ጥሩት።