የሕመም ሐኪም በጎንደር ቢሠለጥን ለድብ ባሕር ምን ይደርሰዋል?

ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል የወረደ መንገደኛ ከግርጌው ድብ ባሕርን ያገኛል። ሕመምተኛ ግን ይህን መንገድ ሽቅብ ይወጣዋል። የማኅፀን በር ካንሰር ያለባት አንዲት እናት ከቆላው ቀበሌ በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ መጥታ፣ ደባርቅ ታይታ፣ ከዚያም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ጎንደር ገባች እንበል። በሽታው ተሠራጭቷልና ሐኪሙ የሚድን እንዳልሆነ ለቤተሰቡ ይነግራል፤ እነርሱም ይዘዋት ይመለሳሉ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያች እናት በቀሯት ወራት ሌሊቱን የምታነጋው በምን ይሆን?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የሕክምና ዘርፍ ባለሙያዎች ፓሊየቲቭ ኬር የሚሉት የማስታገሻ ሕክምና ነው። በሽታው ባይድን እንኳ ሥቃዩን ማስታገስ፣ ትንፋሽ ማጠርንና ማስመለስን መቆጣጠር፣ ሕመምተኛውንና አስታማሚውን መደገፍ ሥራው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ይህ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፤ የሚያገኙት ግን 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ፈላጊዎች የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ፌሎሽፕ ሲባል

አንድ ሐኪም በቅድሚያ ጠቅላላ ሐኪም ይሆናል፤ ቀጥሎም በውስጥ ደዌ፣ በሕፃናት፣ በሰመመን ወይም በቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ይማራል። ከዚያ በላይ በአንድ ጠባብ ዘርፍ የሚሰጠው ሥልጠና ፌሎሽፕ ይባላል። እንግሊዝ እ.አ.አ በ1987፣ አሜሪካ ደግሞ በ2006 የማስታገሻ ሕክምናን ራሱን እንደቻለ ዘርፍ ተቀብለዋል። በአሜሪካ የሕመም ሕክምናም ሆነ የማስታገሻ ሕክምና ፌሎሽፕ አንድ ዓመት ይፈጃል።

ዓመቱ በከንቱ የሚያልፍ አይደለም። ሥቃይ ዓይነቱ ብዙ ነው። የሚያቃጥልና እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር የነርቭ ሕመም ለተለመደው ማስታገሻ በቀላሉ አይበገርም፤ ለድብርት የተሠራው ርካሹ አሚትሪፕቲሊን በአነስተኛ መጠን ሲሰጥ ግን ብዙዎችን ያሳርፋል። ካንሰር አጥንት ውስጥ ሲገባ የሚያስከትለውን ሕመም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና ሊያቀልለው ይችላል። የሚዋጠው ፈሳሽ ሞርፊን ደግሞ ሥቃዩ እስኪነሣ ሳይጠበቅ በየአራት ሰዓቱ ይወሰዳል፤ ሆድ ስለሚያደርቅም የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ይህን ሁሉ አመዛዝኖ መጠኑን የሚወስን ሐኪም በአጋጣሚ አይገኝም፤ ይሠለጥናል።

መመሪያው አለ፤ እጁስ?

በአገራችን ነገሩ ከባዶ አይጀመርም። የጤና ሚኒስቴር እ.አ.አ በ2007 የሕመም ሕክምና መመሪያ፣ በ2016 ደግሞ የማስታገሻ ሕክምና መመሪያ አውጥቷል። እ.አ.አ በ2003 የተቋቋመው ሆስፒስ ኢትዮጵያ በነርሶች አማካይነት በአዲስ አበባ ሕመምተኞችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ሲያስታምም ቆይቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.አ.አ በ2013 የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን ጀምሯል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ጅምር በመዲናዋ ዙሪያ የተሰባሰበ ነው። የጨረር ሕክምና እንኳ ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር።

ሌላው ማነቆ ፍርሃት ነው። ሞርፊን ሱስ ያስይዛል፣ ሞት ያፋጥናል የሚለው ሥጋት በቤተሰብም በባለሙያም ዘንድ ይታያል። በሥርዓት ተመዝኖ የሚሰጥ ሞርፊን ግን ሕመምተኛውን አሳርፎ ያስተኛዋል እንጂ ዕድሜውን አያሳጥርም። እ.አ.አ የ1961ዱ ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ መድኃኒቶች ስምምነትም ቁጥጥርን ቢያዝም፣ እነዚህ መድኃኒቶች ሥቃይን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውንና ለዚሁ ዓላማ መገኘት እንዳለባቸው ይደነግጋል።

ከኡጋንዳ የሚገኝ ትምህርት

ዶክተር አን ሜሪማን እ.አ.አ በ1993 በኡጋንዳ የማስታገሻ ሕክምና ተቋም ሲመሠርቱ የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ነበር፤ የሞርፊን ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ሕመምተኛው ቤቱ ሆኖ የሚጠጣው ፈሳሽ ይሆናል። ሐኪሞች ግን ለገጠሩ አልበቁም። ስለዚህ ኡጋንዳ እ.አ.አ በ2004 በልዩ ሁኔታ የሠለጠኑ ነርሶችና መካከለኛ የጤና ባለሙያዎች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ፈቀደች። ፈቃዱ ከሥልጠናው ጋር ተጣምሮ በመሄዱ መድኃኒቱ ከዋና ከተማው ውጪም ሊደርስ ቻለ።

ጎንደር ለዚህ አሠራር እንግዳ አይደለችም። እ.አ.አ በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ለመላክ ነበር። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዚያ ኮሌጅ ወራሽ ነው። እ.አ.አ ከ1996 ጀምሮም በዳባት የምርምር ማዕከል አቋቁሞ የነዋሪዎችን ልደትና ሞት እየተከታተለ ይመዘግባል። ሰው በምን እንደሚሞት የመዘገበ ተቋም፣ እንዴት እንደሚሞትም ሊያሳስበው ይገባል።

ገበሬ ይህን በዘር ብዜት ያውቀዋል። ከምርምር ማዕከል የሚወጣው መነሻ ዘር ጥቂት ነው፤ በቀጥታ ለሁሉም ማሳ አይበቃም። ተባዝቶ፣ ተፈትሾ በየቀበሌው ሲደርስ ግን ምርት ይሆናል። በፌሎሽፕ የሚሠለጥነው ሐኪምም መነሻ ዘር ነው። ጎንደር ተቀምጦ ሕመምተኛ ብቻ ቢጠብቅ ጥቅሙ ሆስፒታሉን አይሻገርም። የደባርቅና የዳባት ሆስፒታሎችን ሐኪሞች፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን ቢያሠለጥን ግን ዕውቀቱ ድብ ባሕር ይወርዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ቤት ለቤት ስትሄድ የሚሠቃየውን ለይታ ታሳውቃለች።

እናቶች በወሊድ፣ ሕፃናት በወባ በሚሞቱበት አገር ለማይድን ሰው ገንዘብ ማውጣት ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ሥቃይ የሚበላው ሕመምተኛውን ብቻ አይደለም። ማስታገሻ ያጣ ቤተሰብ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲንከራተት በሬውን ይሸጣል፤ ልጅ ከትምህርት ቀርቶ ያስታምማል፤ አዝመራ ሳይሰበሰብ ያልፋል። በአንጻሩ ፈሳሽ ሞርፊን ውድ መድኃኒት አይደለም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥልጠና ሲታቀድ ከገጠር የሚነሡ ሦስት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። ሠልጣኙ ሐኪም ከሥልጠናው ጊዜ የተወሰነውን በወረዳ ሆስፒታል ያሳልፋል ወይ? በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚሰጠውን ሞርፊን የሠለጠነ ነርስና ጤና መኮንን እንዲያዝዝ ይፈቀድለታል ወይ? መድኃኒቱስ ከጎንደር አልፎ ደባርቅና ዳባት ሳይቆራረጥ ይደርሳል ወይ? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የሐኪሙ ዲፕሎማ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

እስከዚያው ድረስ ሕመምተኛውን ይዞ ወደ ቤት የሚመለስ ቤተሰብ ከሆስፒታሉ ሳይወጣ አራት ነገር ይጠይቅ፤ ለሥቃዩ የታዘዘው የትኛው መድኃኒት ነው፣ በየስንት ሰዓቱ ይወሰዳል፣ ሲያልቅ ከየት ይገኛል፣ ሌሊት ሕመሙ ቢብስ ማን ዘንድ ይደወላል። መጠየቅ የሕመምተኛው መብት ነው፤ መመለስም የባለሙያው ግዴታ ነው።