የሻገተ እህል ለሰውም ለከብትም አይሰጥ

ፈንገስ የሚባለው ፍጥረት ዘሩ ብዙ፣ ግብሩም ልዩ ልዩ ነው። በክረምት በሜዳ ላይ የሚበቅለው እንጉዳይ፣ የዳቦውን ሊጥ የሚያስነሣው እርሾ፣ በሕፃናት ገላ ላይ የሚወጣው ጭርትና በጎተራ እህል ላይ የሚታየው ሻጋታ ሁሉም የአንድ ወገን ናቸው። የወደቀውን ቅጠልና ግንድ አበስብሰው ወደ አፈር ስለሚመልሱ ለምድር ልምላሜ ያስፈልጋሉ። ፔኒሲሊን የተባለው መድኃኒትም የተገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በለንደን ከተማ ከተመለከተው ሻጋታ ነው።

ይህን ይዞ ግን ሻጋታ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። በብዙ ቤት እህል ሲሻግት ታጥቦ ይፈጫል፤ ያለዚያም «ከብት ይብላው» ተብሎ ይሰጣል። ሁለቱም ልማድ ሊቀር ይገባል። በበቆሎና በኦቾሎኒ ላይ ከሚያድጉት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣሉ። ይህ መርዝ በመታጠብ ፈጽሞ አይለቅም፤ በተለመደው የማብሰያ እሳትም አይጠፋም። በብዛት ሲበላ ጉበትን በቶሎ ይጎዳል፤ ጥቂት በጥቂት ሲገባ ደግሞ ከዓመታት በኋላ የጉበት ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል። በ2004 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በጎረቤታችን በኬንያ የሻገተ በቆሎ በልተው 317 ሰዎች ታመሙ፤ ከእነርሱም 125ቱ ሞቱ። የተመረዘ እህል ወይም ፋጉሎ የበላች ላምም መርዙን በወተቷ ታስተላልፋለችና፣ ለከብት የተጣለው ወደ ሕፃኑ ጽዋ ይመለሳል።

«እህል መጣል ነውር ነው» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ለድኻ ቤት አንድ ቁና እህል ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የእህል ክብር የሚጠበቀው የተበላሸውን በመብላት ሳይሆን እንዳይበላሽ በመጠንቀቅ ነው። እህሉ በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሰሌን ወይም በሸራ ላይ ይሰጣ፤ በሚገባ ሳይደርቅም ወደ ጎተራ አይግባ። ጎተራው ከመሬት ከፍ ይበል፤ ነፋስ ያግኘው፤ ክዳኑም ዝናብ አያስገባ። የሻገተው ግን ተለይቶ ይቀበር።

መምህራን ሆይ፣ ይህን ትምህርት ከማንም አስቀድሞ ለማዳረስ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። አንድ ቁራሽ እርጥብ ዳቦ፣ አንድ ቁራሽም ደረቅ ዳቦ በሁለት ብርጭቆ ውስጥ ከድናችሁ በክፍል አስቀምጡ፤ በጥቂት ቀን የሚሆነውን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይዩ። እርጥበት የሻጋታ እናት መሆኑን በዓይኑ ያየ ልጅ የአባቱ ጎተራ ሲያፈስ ዝም ብሎ አያይም።