ማሳችን በደቻቱ በኩል አለፈ!

ባለፈው ሰሞን ቻርጀር ልገዛ ድሬዳዋ ታይዋን ሄድኩ። ሌሊቱን ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ በመንገዴ ያየሁት ደቻቱ ቡና መስሎ ይወርዳል። ታይዋን ዕቃ የሚያወርደውን የቀን ሠራተኛ «አገርህ የት ነው ወንድሜ?» ብለው በደንገጎ በኩል ወደ ተራራው ጠቆመኝ። «ማሳዬ በጎርፍ ወረደ፤ እኔም ተከትዬው መጣሁ» አለኝ። ሳቅን። ግን ይሄ ያስቃል እንዴ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ተዳፋት መሬት ከላይ ወደ ታች ሲታረስ እያንዳንዱ ትልም የጎርፍ ቦይ ይሆናል። ዝናብ ባይመጣ እንኳ ማረሻው በተመላለሰ ቁጥር የላላውን አፈር ቁልቁል ይገፋዋል። ቀድሞ የሚሄደው ደግሞ ለሙ፣ ውሃ የሚይዘው የላይኛው አፈር ነው። በቀረው ስስ አፈር ላይ የበቀለ ማሽላ ዝናብ ትንሽ ሲዘገይበት ይጠወልጋል። ማዳበሪያስ? እሱም ከጎርፉ ጋር ይሄዳል፤ ዕዳው ብቻ ለገበሬው ይቀራል!

በ1970ዎቹ ከስዊሶቹ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር እዚሁ ሐረርጌ፣ ሁንዴ ላፍቶ ጭምር ጣቢያ ነበረው። ከዚያ ምርምር የወጣው ግምት ከአንድ ሄክታር እርሻ በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል ይላል። 420 ኩንታል መሆኑ ነው! ገበሬው ከዚያ ሄክታር የሚያፍሰው ማሽላ ግን በደህናው ዓመት ሃያ፣ ሠላሳ ኩንታል ቢሆን ነው።

«እኔ ከተሜ ነኝ፣ ምን አገባኝ?» የሚል ካለ ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ የሆነውን ያስታውስ። ከ250 በላይ ሰው የበላው የደቻቱ ጎርፍ የወረደው ከተራቆተው ደጋ ነው።

መድኃኒቱ አይታወቅም እንዳይባል ይታወቃል፦ አግድም ማረስ፣ እርከን፣ የእርከኑን ጠርዝ ሣር ማልበስ። ኮንሶዎች ለዘመናት በድንጋይ እርከን አርሰው በልተዋል፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. በቅርስነት መዝግቦላቸዋል። በአንጻሩ በደርግ ጊዜ በምግብ ለሥራ ከተሠራው እርከን ብዙው በ1983 ለውጥ ማግሥት ፈረሰ። ለምን? የኮንሶው እርከን የባለቤቱ ነው፤ የደርጉ ግን የትእዛዝ ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ገበሬው የይዞታ ደብተር ቢሰጠውም «ነገ ይሸነሸን ይሆን? ይወሰድብኝ ይሆን?» የሚል ስጋት ካለበት ለልጅ ልጁ የሚቆይ ድንጋይ እንዴት ይደርድር? መንግሥት ሆይ፣ በዘመቻ የተቆፈረ እርከን በኪሎ ሜትር እየቆጠርክ ሪፖርት ከምታነብልን፣ መሬቱ እንደማይነጠቅ ለገበሬው አስተማማኝ ዋስትና ስጠው። ያኔ እርከኑን ራሱ ይሠራዋል፤ ራሱም ይጠብቀዋል።

አለዚያ አፈሩም ገበሬውም መውረዳቸውን ይቀጥላሉ። አፈሩን አሸዋው ይውጠዋል። ገበሬውን ሁሉ ታይዋን ይችለዋል?