‹ምሕረት› የሚል ምርጫ ያለው ጨዋታ

በዚህ እትም ስለ አንድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ልጽፍላችሁ ነው። የመጋቢ ሚስትን ከጌም ጋር ምን አገናኛት እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ከጥቂት ወራት በፊት ብጠየቅ እንደዚያው እል ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ነው። አንዲት እናት ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝና፣ «እህቴ፣ ላሳፍርሽ ብዬ አይደለም። ግን ልጄ እናንተ ቤት ጭራቅ የሚገደልበት ጌም አይቶ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ስለሚናገር አጽም ያወራል። እናንተ ቤት እንዲህ ከሆነ እኛ ለልጆቻችን ምን እንላለን?» አለችኝ። ፊቴ ጋለ። ቤቴ ስደርስ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ወደ ልጄ ክፍል ገባሁ። 14 ዓመቱ ነው። «የቱ ነው ጨዋታው? አሁኑኑ ከኮምፒዩተሩ ይጥፋ!» አልኩት። ይከራከረኛል ብዬ ስጠብቅ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝና፣ «እሺ እማዬ፣ ግን መጀመሪያ አንቺ ተጫወቺው፤ ከዚያ አጥፊው» አለኝ።

እኔም ያላየሁትን መፍረድ ከበደኝና ተቀመጥኩ። ከዚያን ቀን በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ አብረን ተጫወትነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ያየሁትን ነው።

ጨዋታው ‹አንደርቴል› ይባላል። የሠራው ቶቢ ፎክስ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ሲሆን፣ ታሪኩን የጻፈውም ሙዚቃውን የደረሰውም እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለሥራው 5,000 ዶላር እንዲያዋጡለት በኢንተርኔት ሰዎችን ጠይቆ ከ51,000 ዶላር በላይ አገኘ፤ ጨዋታውም በመስከረም 2015 ወጣ። ወገኑ ‹ሮል ፕሌይንግ› ከሚባሉት ጨዋታዎች ነው። በእነዚህ ጨዋታዎች ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ቦታ ይይዛል፤ ይጓዛል፣ ያነጋግራል፣ ይመርጣል። በአብዛኞቹ ደግሞ በመንገድ ያገኘውን ጠላት እየገደለ ነጥብ ይሰበስባል፤ ነጥቡ ሲበዛም ይበረታል።

አንደርቴል የሚጀምረው አንድ ልጅ ከተራራ ላይ ወደ ጥልቅ ጉድጓድ ሲወድቅ ነው። ከምድር በታች ጭራቆች ይኖራሉ። በጥንት ዘመን ሰዎች በጦርነት አሸንፈዋቸው በዚያ ዘግተውባቸዋል። ልጁ ወደ ቤቱ ለመመለስ በአገራቸው መካከል ማለፍ አለበት። አንዱ ጭራቅ ፊት ለፊት ሲገጥመው በስክሪኑ ግርጌ አራት ምርጫዎች ይወጣሉ። አንዱ መዋጋት ነው። ሁለተኛው እንደ ማነጋገር፣ ማድነቅ፣ መቀለድ ያለ ነገር ማድረግ፣ ሦስተኛው በእጅ ያለ ዕቃ መጠቀም ነው። አራተኛው ‹ምሕረት› ይላል። ጨዋታውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ሳይገድሉ መጨረስ ይቻላል።

አሁን ወደሚነሡት ክሶች ልምጣ።

የመጀመሪያው «ጭራቅ ያለበት ጨዋታ ለልጅ አይሆንም» የሚለው ነው። እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ ያገኘኋት ትልቅ ጭራቅ ቶሪየል የምትባል ፍየል የምትመስል እናት ናት። የወደቀውን ልጅ እጁን ይዛ ቤቷ ታስገባዋለች፣ የቀረፋ ሽታ ያለው ኬክ ትጋግርለታለች፣ አልጋ ታዘጋጅለታለች። ከዚያ በፊት ደግሞ በአንድ የጨርቅ አሻንጉሊት እያለማመደች፣ ጠብ ሲመጣ መጀመሪያ ማነጋገር እንደሚገባ ታስተምረዋለች። የዚያች እናት ልጅ ያወራለት አጽምም ፓፒረስ ይባላል፤ ወዳጅ ማግኘትን የሚመኝ ነው። እኛስ በልጅነታችን ማታ ማታ ስለ ጭራቅና ስለ ጅብ ተረት እየሰማን አላደግንም? አያቶቻችን ጭራቅን የነገሩን እንድናመልከው አልነበረም። በዚህ ጨዋታም የሚጠራ መንፈስ ወይም የሚፈጸም አምልኮ አላየሁም። ስለ ‹ነፍስ› ብዙ ይወራል፤ የተጫዋቹ ነፍስ በቀይ ልብ ትመሰላለች። ይህ የታሪኩ አነጋገር እንደሆነና እኛ ስለ ነፍስ የምናምነው ሌላ እንደሆነ ከልጄ ጋር ተነጋግረንበታል። ከሦስት ደቂቃ በላይ አልፈጀብንም፤ እርሱም ቀድሞ ያውቀው ነበር።

ሁለተኛው ክስ «ግድያን ያለማምዳል» የሚለው ነው። መግደል የሚቻልበት ጨዋታ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም መግደልን የሚያይበት ዓይን ከሌሎቹ የተለየ ነው። በጨዋታው መጀመሪያ ፍላዊ የሚባል ቢጫ አበባ፣ ተጫዋቹ የሚያድግበት ደረጃ ‹ፍቅር› ማለት እንደሆነ ይነግረዋል። አበባው አታላይ ነው። ወደ መጨረሻው ሲደረስ ያ ቃል በእንግሊዝኛው ‹የጭካኔ ደረጃ› የሚል አሕጽሮት እንደሆነ፣ የሰበሰብነውም ነጥብ የግድያ ነጥብ እንደሆነ ይገለጣል። ስንት ጨዋታ ነው በመግደል የሚገኘውን ብርታት በስሙ የሚጠራው? ማንንም ያልገደለ ተጫዋች ደግሞ እስከ መጨረሻው ድረስ ደረጃው 1፣ የሕይወት ነጥቡም 20 ብቻ ሆኖ ይቀራል። ምሕረት ማድረግ የሚከብደው መንገድ ነው፤ በእውነተኛው ኑሯችንም እንዲሁ ነው።

እዚህ ላይ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ቶሪየል ልጁ እንዳይጎዳባት ፈርታ ከቤቷ ልታስወጣው አልፈለገችም፤ በሩ ላይ ቆማ በእሳት ትዋጋዋለች። እኔም፣ ትንሽ ካደከምኳት ታሳልፈኛለች ብዬ መታኋት። ደግሜ መታኋት። አንዱ ምት ካሰብኩት በላይ በረታና ሞተች። እጄን ከኮምፒዩተሩ ላይ አነሣሁ። ልጄ ምንም አላለኝም። «እንደገና መጀመር ይቻላል?» አልኩት። ይቻላል አለኝ። ቀድሞ ከተቀመጠበት ቦታ ጀምሬ በዚህ ጊዜ ምሕረትን ደጋግሜ መረጥኩ። እሳቱ መውረዱን አላቆመም፤ የሕይወቴ ነጥብ ሊያልቅ ሲል ግን እሳቷ እኔን እየሸሸ በጎን ያልፍ ጀመር። ልትገድለኝ እንዳልፈለገች ያን ጊዜ ገባኝ። በመጨረሻ አቅፋ አሳለፈችኝ። እፎይ ብዬ ወጣሁ።

ከበሩ ውጭ ያ አበባ ይጠብቀኝ ነበር። ያደረግሁትን እንደሚያውቅ ነገረኝ። ገድያት እንደነበረ፣ ከዚያም ጸጽቶኝ ወደ ኋላ ተመልሼ እንዳዳንኳት፣ ማንም ያላየኝ መስሎኝ እንደነበረ። ጨዋታው ያጠፋሁትን አልረሳም ነበር።

ደነገጥኩ። የደነገጥኩትም በቶሪየል ብቻ አልነበረም። ባለፈው ዓመት ልጄ የሒሳብ ፈተና ወድቆ ሲመጣ በንዴት የሥዕል ደብተሩን አንሥቼ ቀድጄበታለሁ። በደብተሩ ውስጥ የነበሩት እንግዳ እንስሳትና ጭራቆች ነበሩ፤ «ይህን ስትሞነጭር ነው የወደቅኸው» አልኩት። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ጥሩ ደብተር ከባለ ቀለም እርሳስ ጋር ገዝቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩለት። አንድም ቃል ግን አልተናገርኩም። አንደበቴ ‹ይቅርታ› ማለት ከብዶት ነበር። ወደ ኋላ ተመልሼ እንዳልሆነ ያደረግሁት መሰለኝ። ልጄም ደብተሩን ተቀበለ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን አሳይቶኝ አያውቅም።

ወደ ክሶቹ ልመለስ። ሦስተኛው «ሥዕሉ የማያምር ጊዜ ማባከኛ ነው» የሚለው ነው። ሥዕሉ ቀላል መሆኑ እውነት ነው። የጥንቶቹን ጨዋታዎች መልክ ይዟል፤ ሠሪው በልጅነቱ ይወደው ከነበረው ‹ኧርዝባውንድ› ከሚባለው የ1990ዎቹ የጃፓን ጨዋታም ብዙ ተምሯል። እኛም ደግሞ በሽፋን አንፈርድም እንላለን። ጊዜን በተመለከተ፣ አንድ ጊዜ ለመጨረስ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ እንደ እኔ ቀርፋፋ ለሆነ ይበልጥ ይረዝማል። ያም ሆኖ መጨረሻ አለው። ዛሬ ልጆቻችን በስልክ የሚጫወቷቸው ብዙ ጨዋታዎች ማለቂያ የላቸውም፤ በየቀኑ ተመለስ ይላሉ፣ በየደረጃው ገንዘብ ክፈል ይላሉ። አንደርቴል አንዴ ከተገዛ በኋላ ገንዘብ አይጠይቅም። የኛን ቤት ቅጂ እህቴ ከአሜሪካ ለልደቱ ገዝታ ልካለት ነው።

አራተኛው ክስ ከተጫዋቾች ራሳቸው የሚመጣ ነው። «ጨዋታ ነው፤ ለምን ይወቅሰናል? ሁሉን መግደል የማይፈቀድ ከሆነ ለምን አስቀመጠው?» ይላሉ። በእርግጥ ያገኙትን ሁሉ እየፈለጉ የሚገድሉበት መንገድ አለ። ያንን እስከ መጨረሻው የሄደ ሰው ነፍሱን እስከ መስጠት ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ የምሕረቱን መንገድ ቢጫወት እንኳ መልካሙ ፍጻሜ ጥላ ያጠላበታል። ይህ ብዙዎችን አበሳጭቷል።

ልጄን «አንተስ ሞክረኸዋል?» ብዬ ጠየቅሁት። አልዋሸኝም። ጀምሮት እንደነበር ነገረኝ። «በበረዶ ውስጥ ያለው ከተማ ስደርስ ሰው የለም፣ እማዬ። ሁሉም እኔን ፈርተው ሸሽተዋል። ባለ ሱቋ እንኳ የለችም። ደስ አላለኝምና አቆምኩ» አለኝ። እኔ ስለ ጭካኔ ሰብኬ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ባዶ ከተማ መካከል አቁሜ አላውቅም። ለዚህ ነው ወቀሳውን እንደ ጥፋት የማልቆጥረው። ምንም ብታደርግ ምንም አይመጣም ከሚሉት ጨዋታዎች ይልቅ፣ ያደረግኸው ይከተልሃል የሚለው ይሻለኛል።

ይህን ስል ሁሉን እያጸደቅሁ አይደለም። በታሪኩ ውስጥ ከምናምነው ጋር የማይስማሙ ነገሮች አሉ፤ አለፍ አለፍ ብሎም ለትንንሾች የማይሆን አነጋገርና ቀልድ ይገኛል። ወደ መጨረሻው ያ አበባ የሚገለጥበት መልክ ትልቅ ሰውም ያስደነግጣል፤ የ8 ዓመቷን ሴት ልጄን ከክፍሉ አስወጥቻታለሁ። በዚህ በኩል ያቺ እናት ልክ ነበረች፤ የእርሷ ልጅ ገና 9 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ቤታችን ሥርዓት አውጥተናል። ኮምፒዩተሩ ከመኝታ ክፍል ወጥቶ ሳሎን ሆኗል፤ የቤት ሥራ ሳይሠራ፣ ከእራት በኋላም ከአንድ ሰዓት በላይ ጨዋታ የለም።

እናቶች፣ አባቶች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ልጃችሁ የሚጫወተውን ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ማታ አጠገቡ ተቀመጡ። እጃችሁ ቢንቀጠቀጥ፣ ቢስቅባችሁም ምንም አይደል። ምናልባት አይታችሁ ታጠፉት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ምክንያታችሁን ታውቃላችሁ፣ ልጁም እንዳያችሁለት ያውቃል። ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ሁሉን እንዲመረምሩ ሲጽፍ፣ መርምሮ መልካሙን መያዝን ጨምሮ ነው ያዘዛቸው። እኛ ወላጆች ብዙውን ጊዜ ሳንመረምር መጣሉን እንመርጣለን።

ጨዋታውን በጨረስንበት ማታ፣ ልጄ ኮምፒዩተሩን ሊዘጋ ሲል፣ «ቆይ» አልኩት። «ባለፈው ዓመት ደብተርህን ቀድጄብሃለሁ። አዲስ ገዛሁልህ እንጂ ይቅርታ አልጠየቅሁህም። በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት። ስክሪኑን እያየ ጥቂት ዝም አለ። «እሺ እማዬ» አለና ወደ ክፍሉ ሄደ። ይህ ብቻ ነው ያለው። በሦስተኛው ቀን ግን ቡና ሳፈላ መጥቶ ደብተሩን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጠው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፍየል የምትመስል እናት በበር ላይ ቆማለች። ዓይኖቿን የኔን አስመስሏቸዋል።

ያቺን እናትም ቡና ጠራኋት። እየጠጣን ያየሁትን ነገርኳት፤ ጨዋታውንም ለግማሽ ሰዓት አሳየኋት። «ለትንሹ አላሳይም» አለችኝ። እኔም ደግፌያታለሁ። ልትሄድ ስትነሣ ግን፣ «ትልቁ ልጄ ምን እንደሚጫወት ጠይቄው አላውቅም፤ ዛሬ ማታ አጠገቡ እቀመጣለሁ» አለችኝ።

እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።