ድንጋዩን ማን ተሸከመ? ሪባኑንስ ማን ቆረጠ?

«ጉድ በል ጎንደር!» ይባል የለ? እኔም ከጉና ተራራ ሥር ያለው የተማርኩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ ያልኩት ይህንኑ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው እብነ በረድ «በክቡር አቶ እገሌ ተመርቆ ተከፈተ» ይላል። አባቴ ከወንዝ ድረስ በትከሻው ያመጣው ድንጋይ፣ እናቴ ከጭድ ጋር የረገጠችው ጭቃ ግን አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈለትም። ሪባን የቆረጠ ስሙ ሲቀር፣ ወገቡ የተቆረጠ ተረሳ!

መቸም ደቡብ ጎንደር ለትምህርት ባዳ አይደለም። ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አባ ስንቱን ሊቅ ሲያስተናግዱ ኖረዋል። የቆሎ ተማሪው ጎጆውን የሚቀልሰው በገዛ እጁ ነው። ከደብረ ታቦር አፍንጫ ሥር ባለችው ጋፋትም አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን አስፍረው «ሴባስቶፖል»ን ሲያሠሩ የአገሩን ልጆችም ሙያ እንዲያስተምሩ አድርገዋል። ያ መድፍ የተሠራው እየተማሩ ነው።

በዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን ያው ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ አገር አቀፍ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ሲጀመር ሕዝቡ የበኩሉን እንዲያዋጣ ተጠየቀ፤ አዋጣም። ደርግ መጣ፣ መዋጮው ቀጠለ። ኢሕአዴግ በ1986 ዓ.ም. ባወጣው ፖሊሲ እስከ 10ኛ ክፍል ትምህርት በነፃ ነው አለን፤ ገበሬው ግን ባህር ዛፉን እየቆረጠ፣ ቆርቆሮ እየገዛ የዳሱን ክፍል መቀየሩን አልተወም። ታዲያ «በነፃ» ያስተማረው ማን ነው?

እኛም ተማሪዎቹ እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። አርብ ከሰዓት ውኃ በጀሪካን ቀድተናል፤ ክፍሉን በእበት ለቅልቀናል፤ ችግኝ ተክለናል። በወላጆች ቀን ድራማ ሠርተን፣ በጥያቄና መልስ ተወዳድረን አሸናፊው ደብተርና እስክሪብቶ ተሸልሟል። ቀይ መስቀል፣ ፀረ ኤድስ፣ ሚኒ ሚዲያ... የክበቡ ብዛት! ምን ዋጋ አለው፣ አንድ ቀን በሚኒ ሚዲያ የመጸዳጃ ቤታችን በር ይሠራልን ብዬ ባነብ ማይኩን ነጠቁኝ። በማግስቱ የባለሥልጣን መልእክት ሲነበብ ግን የነጠቀ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከፖለቲካ አመለካከት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ብሎ ደንግጓል። ሕፃናትን ለባለሥልጣን አቀባበል ፀሐይ ላይ የሚያሰልፉ ሰዎች ይህን አንቀጽ አንብበውት ይሆን?

ይህም ሁሉ ይሁን፤ የከፋው ሌላ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ፣ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመታች። እሱ በረደ ሲባል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተጫረ። አንደኛው ወገን ትምህርት ቤት ውስጥ ይሰፍራል፤ ሌላኛው «እንዳትከፍቱ» ይላል። መምህሩ በሁለት እሳት መካከል ቆመ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከክፍል ውጭ ሆኑ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ማለት ይኸው አይደል?

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነው። ያ ክፍል የመንግሥት ብቻ አይደለም፤ የታጣቂም አይደለም። ድንጋዩን የተሸከመው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ጠመንጃ ያነገበ ሁሉ ከትምህርት ቤት ግቢ ይውጣ፤ መምህርንና ተማሪን ማስፈራራትም ይቁም። ሁለተኛ፣ ከወላጅ የተሰበሰበው መዋጮ በወላጅና መምህራን ኅብረት ፊት ከነደረሰኙ ይቆጠር፤ ያዋጣው መንደርም ስሙ በእብነ በረዱ ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ማይኩ ለልጆቹ ይመለስ። የመጸዳጃ ቤት በር መጠየቅ ያልተፈቀደለት ልጅ ነገ አገር እንዴት አድርጎ ይጠይቃል?

አባቴ አሁን ትከሻው ጎብጧል። «ልጄ፣ እንደገና ተሸከም ቢሉኝ እሸከም ነበር፤ ብቻ ደወሉ ይደወል» ነው ያለኝ። ሪባን ቆራጮቻችን ሆይ፣ ሰማችሁ?

ልብ ያለው ልብ ይበል!